ጓደኛዬን ለማግኘት የከፈትኩት ስታርትአፕ

ሰው ስታርትአፕ የሚከፍተው ሀብታም ለመሆን ነው አሉ። እኔ የከፈትኩት አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ እንዲቀመጥ ብዬ ነው። እንዲያውም ስከፍተው መክፈቴን አላወቅሁም፤ ቅጽ የሞላሁ መስሎኝ ነበር። መምህር ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለመንግሥት ቅጽ ስሞላ ኖሬ ከቅጽ ውስጥ አንድም ነገር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ይሄኛው ግን ወጣ፤ ወጥቶም እስከ አዲስ አበባ አስሮጠኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ የምቸኩልበት ጉዳይ የለኝም፤ እናንተም እዚህ ድረስ ካነበባችሁ የምትቸኩሉ ሰዎች አይደላችሁም።

ሐረር የመጣሁት በዕጣ ነው። ስንመረቅ የምደባ ዕጣ ወጣና የደብረ ማርቆሱ ልጅ ሐረር ደረሰው። እናቴ በቁሜ አለቀሰችልኝ። እኔም ከአውቶብስ እንደወረድኩ ሻንጣዬን ሳልፈታ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩና አስገባሁ። "ሁለት ዓመት ቢወስድ ነው" አሉኝ። ሁለት ዓመት ምን አላት ብዬ ከጀጎል ግንብ በሮች በአንደኛው፣ በፈላና በር አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። በሁለተኛው ዓመት ዝውውሩ የት ደረሰ ብዬ መጠየቅ ተውኩ፤ በአምስተኛው ማመልከቴንም ረሳሁት። ለዚህ ተጠያቂው ረምዚ ነው።

ረምዚ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር፣ እኔ ፊዚክስ። የጀጎል ልጅ ነው። ከዘር ማንዘሩ ለሐጅ ካልሆነ በቀር ከግንቡ ውጭ ያደረ የለም ይባላል፤ የሚለውም እሱ ራሱ ነው። በመጣሁ በመጀመሪያው ወር ከጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ጠፍቼ፣ በአንድ አረንጓዴ በር ፊት ሦስት ጊዜ አልፌ፣ በሦስተኛው ለበሩ እጅ ልነሳ ትንሽ ሲቀረኝ ያገኘኝ እሱ ነበር። "ወሪያ ፊዚክስ! አቅጣጫ የሚባል ነገር አላስተማሩህም?" አለና ሳቀብኝ። አረንጓዴው በር የእናቱ ቤት በር ኖሯል። እጄን ይዞ አስገባኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሬ እንጂ ልቤ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

የሐረሪን ቤት ላላያችሁ ልንገራችሁ። ወንበር የለውም። በዙሪያው ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ፣ ምንጣፍ የለበሰ መደብ አለው፤ ነደባ ይሉታል። ነደባ ዝም ብሎ መቀመጫ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ የት፣ እንግዳ የት፣ ልጅ የት እንደሚቀመጥ ያለ ጽሑፍ የታወቀ ነው። በሩን የሚያየው ከፍ ያለው ጥግ አሚር ነደባ ይባላል፤ የአባወራው ቦታ ነው። አባቱ ካረፉ በኋላ እዚያ የሚቀመጠው ረምዚ ነበር። እሱ ከሌለ ማንም አይወጣበትም። ድመቷ እንኳን ታውቃለች።

እኔና ረምዚ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ መግሪብ ሶላት፣ እዚያ ቤት ቁጭ ብለን ልንጫወት ተስማማን። ቀኑን መምረጥ ግን ከፊዚክስም ከሒሳብም የከበደ ሆነ። ሰኞና ሐሙስ እናቱ እማማ ሩቂያ ሱና ይጾማሉ። ረቡዕና ዓርብ እኔ እጾማለሁ፤ ዓርብ ለነሱ ጁምዓም ነው። ቅዳሜ ጀጎል ውስጥ ሰርግ አይጠፋም። እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ማክሰኞ ብቻ ሁለቱም ሃይማኖቶች ሳይነኳት ተርፋ ተገኘች። ማክሰኞ ማንም የማይጠብቃት፣ ማንም የማይናፍቃት ምስኪን ቀን ናት። እኛ ወሰድናት።

ደንቡ አጭር ነው። ስትገባ ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ፤ ስልክህን እማማ ሩቂያ በሩ ሥር ያስቀመጡት ስፌት ውስጥ ትከታለህ። ከዚያ ከቡና ቅጠል በወተት የተፈላ ቁጢ ይቀርባል። ከዚያ ወሬ ነው። ምን አወራን ብትሉኝ አንዱንም አላስታውስም። ጥጋብ እንጂ እህሉ የሚታወስ አይደለም።

አንድ ማክሰኞ የቀድሞ ተማሪያችን መጣ። ገበሬው ሽንኩርቱን ጭኖ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የዕለቱን ዋጋ በስልኩ የሚያይበት ነገር ሠርቻለሁ፣ መነሻ ግን አጣሁ አለን። እኔ ቸር መስዬ "እናበድረው" አልኩ።

እማማ ሩቂያ ስፌታቸውን እየሰፉ ቀና አሉ። "ወለድ እዚህ ቤት አይገባም፤ ሐራም ነው።"

"ያለ ወለድ ነው እማማ።"

"ታዲያ ካልሆነለትስ? ልጁ በናንተ በር ማለፍ አፍሮ በሌላ መንገድ ሊዞር ነው? ከተጋራችሁ ትርፉንም ኪሳራውንም ተጋሩ። አለዚያ ቁጢውን ጠጥቶ ይሂድ።"

ረምዚ እናቱን ትክ ብሎ አያቸውና "ድርሻ እንውሰድ" አለ። ከሦስት ባልደረቦቻችን ጋር ሆነን ድርሻ ወሰድን። እንዲህ ያለው ነገር በዓለም ላይ ቬንቸር ካፒታል እንደሚባል፣ ሰዎችም ከረቫት አስረው እንደሚማሩት ያወቅነው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እኛ የእማማ ሩቂያን ቃል ያከበርን ብቻ ነበር የመሰለን።

የሽንኩርቱ ልጅ ቀናው። ወሬው ወጣ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ከበሩ ሥር ባለው ዝቅተኛ ነደባ ላይ አንድ ወጣት ሐሳቡን ይዞ ይቀመጥ ጀመር። ረምዚ ስለ ሒሳቡ ይጠይቃል። እኔ እጠራጠራለሁ፤ የተሰጠኝ ሥራ መጠራጠር ነበር፣ ተሰጥኦም አለኝ። በመጨረሻ እማማ ሩቂያ ከስፌታቸው ሳይነሱ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ "ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?"

ወጣቱ መልስ ካለው እንገባለን፤ ከሌለው ቁጢውን ጠጥቶ ይሄዳል። ይህን ጥያቄ ንቀን የገባንበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አህያ የት እንዳለች የሚናገር መሣሪያ ነበር። በአንገቷ ይታሰራል፣ ባለቤቱ በስልኩ ያያታል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሳልጠራጠር ቀረሁ፤ የገጠር ልጅ ስለሆንኩ አህያ ስትጠፋ አውቃለሁ። አህያይቱ መሬት ላይ ተንከባለለችና መሣሪያው ወለቀ። ባለቤቱም አህያይቱን አጠገቡ አቁሞ መሣሪያውን ሲፈልግ ዋለ። መሣሪያው ሲጠፋ ያለቀሰ የለም፤ እማማ ሩቂያ ግን ዓመቱን ሙሉ ሳቁ።

እንግዲህ ነገር ካደገ ማን ይይዘዋል? መጀመሪያ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ቢሮ ተከራየን። ወንበር ገባ። ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሰዓቱን እንደሚያይ ያኔ ነው የተረዳሁት፤ ነደባ ላይ ተደግፎ ሰዓት የሚያይ ሰው የለም። ከዚያ የውጭ አገር ባለሀብቶች ሰሙ። ከዚያ ረምዚ ማስተማሩን ተወ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ላይ፣ ሰባተኛ ፎቅ።

"ና አብረን እንሂድ" አለኝ። ፈላና በር ላይ ቆመን ነበር።

ፈራሁ። ፈራሁ ማለት ግን ከበደኝና የመጣልኝን ሰበብ አነሳሁ። "ዝውውር አመልክቼ የለ እንዴ! እኔ በሌለሁበት ቢወጣስ?" አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። "እሺ፣ አንተ ማክሰኞን ጠብቃት፤ እኔ በየሳምንቱ እየበረርኩ እመጣለሁ፣ ወላሂ" አለኝ።

መጀመሪያ በየሳምንቱ መጣ። ከዚያ በወር። ከዚያ ለዒድ። ከዚያ ለዒድ በግ ላከ። በግ ጥሩ ነው፤ ግን አያወራም።

ስድስት ዓመት ሙሉ እኔና እማማ ሩቂያ ማክሰኞን ብቻችንን ይዘናት ቆየን። ዘጠኝ ሰዓት ሲል እማማ ሩቂያ አሚር ነደባው ላይ የረምዚን ትራስ አራግፈው ያነጥፉታል፤ ሲመሽ ያነሱታል። አንድም ቀን "ልጄ ቀረ" ብለው አያውቁም። "ዛሬ መንገድ ይዞት ነው" ይላሉ። እኔም መንገዱን አብሬያቸው እወቅሳለሁ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠርቶ "እንኳን ደስ ያለህ!" አለኝ። ዝውውሬ ወጣ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ ያመለከትኩት። ለሰበብ ስጠራው የኖርኩት ዝውውር ለካ ይሰማኝ ኖሯል። እምቢ እንዳልል እናቴ አርጅታለች፤ ጎረቤት ነው ውኃ የሚቀዳላት። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልሄድ ነው።

ከመሄዴ በፊት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዲት ማክሰኞ፣ ረምዚ ቦታው ላይ ተቀምጦ።

ደወልኩለት። "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ" የሚል ጽሑፍ ስልኩ ራሱ ላከልኝ። ሰባት ጊዜ ደውዬ ከስልኩ ጋር ወዳጅ ሆንን። "ልሄድ ነውና ና" ብለህ ለምን አልጻፍክም ትሉኝ ይሆናል። እልህ ያዘኝ። ስለምትሄድ ብቻ የሚመጣ ሰው ለቀብር እንደሚመጣ ሰው ነው፤ ተመልሶ የሚሄደውም እንደዚያው ነው። እኔ የፈለግሁት እንደ ድሮው በራሱ እግር እንዲመጣ ነበር። ስለዚህ ቢሮው ደወልኩ። ጸሐፊዋ በትሕትና "ቀጠሮ የሚያዘው በድረ ገጻችን ነው" አለችኝ።

ድረ ገጹ ተከፈተልኝና ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሦስት ምርጫ አለው፦ ባለሀብት፣ ስታርትአፕ መሥራች፣ ጋዜጠኛ። ጓደኛ የሚል የለም። ሦስቱንም አየኋቸውና ለመዋሸት የሚቀለውን መረጥኩ።

የድርጅታችሁ ስም? "ማክሰኞ" ብዬ ጻፍኩ።

የምትፈቱት ችግር? "ሰዎች ይሄዳሉ።"

መፍትሔያችሁ? "ሰዎችን በሳምንት አንድ ቀን ስልካቸውን ተቀብለን አንድ ቦታ እናስቀምጣለን።"

በምን ደረጃ ላይ ናችሁ? "አሥራ ስምንት ዓመት ተሞክሯል።"

አገልግሎታችሁን ትተው የሄዱ ተጠቃሚዎች ብዛት? እዚህ ላይ እጄ ትንሽ ቆመ። "አንድ" ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱ? "አደገ።"

ላክሁት። ረምዚ ያነበዋል፣ ይስቃል፣ ይደውላል ብዬ ነበር። የደወለችው ግን ቃልኪዳን የምትባል ወጣት ናት፤ የድርጅቱ አጥኚ ነኝ አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ደስታ ነበር።

"መምህር፣ በጣም የተለየ ሐሳብ ነው! ማክሰኞን የመረጣችሁት በገበያ ጥናት ነው?"

"ሁለት ሃይማኖት ያጠናው ነው" አልኳት፤ እውነቴን ነው።

"ተወዳዳሪ ሐሳቡን እንዳይወስድባችሁ ምን መከላከያ አላችሁ?"

"የጀጎል ግንብ አለ።"

ስትጽፍ ተሰማኝ። "በሚቀጥለው ማክሰኞ ቦታው ድረስ መጥቼ አየዋለሁ" አለችና ዘጋች።

ሮጬ ለእማማ ሩቂያ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ስፌታቸውን አስቀምጠው "የረምዚ ሠራተኛ ናት?" አሉኝ። "አዎ።" "እንግዲያውስ ቤቱ ይጸዳ" አሉ። ያላወቅነው ነገር፣ ፈላና በር አካባቢ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት መጣ" የሚል ወሬ የሰማ ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፎ ጠበቀን። አንዱ ኮርቻ ይሠራል፣ አንዷ ቅመም ትፈጫለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሐሳብ የለኝም፣ ሐሳብ ያለው ሰው ሲናገር ለመስማት ነው የመጣሁት አሉ። እማማ ሩቂያ ማንንም አልመለሱም። ሁሉንም በየማዕረጉ ነደባው ላይ ደረደሩት። ስልኩ ስፌቱን ሞልቶ ፈሰሰ። ያ ቤት አሥር ሰው ይይዛል ከተባለ ሠላሳ ያህል ይዞ ነበር፤ አሚር ነደባው ግን ባዶ ነው፣ ትራሱ ብቻ።

ቃልኪዳን የመጣችው ከድሬዳዋ አየር ማረፊያ በቀጥታ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል። ስልኳን ስትቀማ እጇ ተከትሎት ትንሽ ሄደ። ዙሪያውን አየች፤ ቦታ የለም። አንድ ባዶ ጥግ አየችና ወጥታ ቁጭ አለች። አሚር ነደባው ላይ!

ሽማግሌው "አስተግፊሩላህ!" አሉ። ድመቷ ተነሥታ ወጣች። እኔ እንዴት ብዬ እንደማስነሣት ሳስብ እማማ ሩቂያ እጃቸውን አወዛወዙ።

"ተዋት። ቤቷ ነው። እሷም የሰው ልጅ ናት፤ ቦታውን ታሙቅለት።"

ቃልኪዳን ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ቁጢዋን ጠጣች፤ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ ሦስተኛውን ስትጀምር ትራሱ ላይ ደገፍ አለች። ከዚያ ተኛች። ሠላሳ ሰው ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ኮርቻ፣ ስለ ልጅ ሰርግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ እሷ ስታንኮራፋ አመሸች። ስልኳ ስፌቱ ውስጥ ተንጫጭቶ ተንጫጭቶ ደከመው። የመግሪብ አዛን ሲል ነቃች። ደንግጣ ዙሪያዋን አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"መምህር" አለችኝ ጫማዋን ስታደርግ፣ "ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ቀን ተኝቼ አላውቅም። ይሄን ነገር አስተላልፈዋለሁ።"

አስተላለፈችው። በግንቦት መጨረሻ የኢንቨስትመንት ኮሚቴው ፊት እንድቀርብ ተጠራሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ረምዚ ነው።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሐሰተኛ ድርጅቴ እውነት ሆኖ ሲጠራኝ መሸሽ ነበረብኝ። እኔ ግን ሱፍ አስተኮስኩ። ተማሪዎቼ በስክሪን ላይ የሚታይ ገለጻ ሠሩልኝ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የድመቷን ፎቶ አደረጉበት። አንድ ቀን ሙሉ በአውቶብስ ተጉዤ ሰባተኛው ፎቅ ደረስኩ። የስብሰባ ክፍሎቹን ሁሉ በጀጎል በሮች ሰይመዋቸዋል። ከፈላና በር ተነሥቼ ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ፈላና በሚባል የመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ፣ በትልቅ ፊደል፣ ይሄ ነገር ቢጠፋ ማን ያለቅሳል የሚል ተጽፏል። ማን እንዳለው ግን አልተጻፈም።

ረምዚ ገባ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ከስቷል። ዓይናችን ተገናኘ። አፉ ሊስቅ ጀመረና አጠገቡ ያሉትን አይቶ ተወው። "መምህር፣ ይቀጥሉ" አለኝ። ይቀጥሉ! ረምዚ እኔን አንቱ አለኝ። ያ "ሉ" ከአውቶብሱ ጉዞ የበለጠ አደከመኝ።

ቀጠልኩ። ጥያቄው የመጣው ከስክሪን ውስጥ፣ ከባሕር ማዶ ካለ ሰውዬ ነው፤ ቃልኪዳን እየተረጎመች።

"በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ከተማ ትደርሳላችሁ?"

"አንድ።"

"ስንት ተጠቃሚ ይኖራችኋል?"

"ሦስት" አልኩ። "አንደኛው ከተመለሰ።"

ረምዚ ጠረጴዛውን እያየ ነው። ከዚያ ቀና ሳይል፣ በእናቱ ድምፅ ማለት ይቻላል፣ ጠየቀኝ። "ይሄ ነገር ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?"

ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ከተማ ብቸኝነት ሦስት ገጽ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። "እኔ" አልኩ። "ዝውውሬ ወጣ። ሰኔ ላይ እሄዳለሁ። እዚያ ሆኜ አለቅሳለሁ።"

ሰዓት መቁጠሪያው ጮኸ። ጊዜዬ አለቀ። ሁሉም አመሰገኑኝ፤ ረምዚም ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ፣ ትንሽ አጥብቆ። ወዲያው ሰው አልባ አውሮፕላን የያዘ ወጣት ገባ። አሳንሰሩ ጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ጠበቅሁት። ጸሐፊዋ ሦስት ስብሰባ አለበት አለችኝ። ወረድኩ።

ሐረር ሳልደርስ ደብዳቤው ስልኬ ላይ ደረሰ። "ሐሳብዎን በአድናቆት ተመልክተነዋል። ሆኖም የሚያድግበት መንገድ ስላልታየን ልንቀበለው አልቻልንም።" ከሥሩ ረምዚ ፈርሟል። የሚያሳዝነው ደብዳቤው ትክክል ነው። እኔም ብሆን፣ የተሰጠኝ ሥራ መጠራጠር ሆኖ፣ በዚያ ዓይነት ሐሳብ ላይ አልገባም ነበር።

ለእማማ ሩቂያ አልነገርኳቸውም። የመጨረሻዋ ማክሰኞ መጣች። ሻንጣዬ ተዘግቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትራሱን አነጠፉት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ "እማማ፣ ዛሬ እንኳ ይተውት" ልል አሰብኩና ምላሴን ነከስኩ። ቁጢው ቀረበ። ከመንገዱ የልጆች ጩኸት ብቻ ይሰማል።

አረንጓዴው በር ተከፈተ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ከኪሱ አንድ ስልክ አወጣና ስፌቱ ውስጥ አስቀመጠ። ሁለተኛ አወጣ። አስቀመጠ። የእናቱን እጅ ሳመ። ወደ ቦታው ወጣና ትራሱን ደገፍ ብሎ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጎደለው ቤት በአንዴ ሞላ። እማማ ሩቂያ "መንገዱ ለቀቀህ?" ብቻ አሉት፤ ፊታቸውንም ወደ ስፌታቸው መለሱ። ወስፌው ግን አይንቀሳቀስም ነበር።

"ወሪያ ፊዚክስ" አለኝ። አንተ ብሎ።

"ውድቅ አድርገኸኝ የለ እንዴ?" አልኩት እንደምንም።

"ምን ላድርግ አቦ? ሁሉም ሊቀበሉህ ነበር። ያቺ ልጅ ስታለቅስ አሳመነቻቸው።" ቁጢውን ፉት አለ። "ብንቀበልህ ማደግህ ነው። ያደገ ነገር የት እንደሚሄድ አይተሃል። አንድ እንኳ ሳያድግ የቀረ ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።"

ያን ማክሰኞ ምን አወራን ብትሉኝ፣ እንደ ድሮው፣ አንዱንም አላስታውስም።

አሁን ደብረ ማርቆስ ነኝ። የእናቴን ውኃ የምቀዳው እኔ ነኝ። ረምዚ ወደ እናቱ ቤት መመላለስ ጀምሯል፤ ሁሉንም ማክሰኞ ባይሆን በወር ሁለቱን ይመጣል። እማማ ሩቂያ ረቡዕ ረቡዕ ይደውሉልኛል። በኔ ቦታም ትራስ እንደሚያነጥፉ ነገሩኝ፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ለጠየቀ ሰው "መንገድ ይዞት ነው" ይላሉ።

እኔም ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ስልኬን ከእናቴ መሶብ ውስጥ እከተዋለሁ። እናቴ "ምን ነካህ? ሊበላ ነው?" ትለኛለች። መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ በሩን አያለሁ። ያን ቅጽ አንድ ቀን እንደገና ብሞላው የማርመው ነገር የለም። ትተው የሄዱ ተጠቃሚዎች ብዛት፣ አሁንም አንድ ነው።